ሚዜ ሆነሽ ፀጉርሽን ራስሽ ስትሠሪ፦ የድሬን ሙቀት የሚችል አሠራር

የሠርግ ቀን ጠዋት ፀጉር ቤት ውስጥ ያለውን ሰልፍ ታውቂዋለሽ። ሙሽራዋ ወንበሩን ይዛለች፣ ከእሷ ቀጥሎ እናቷ፣ ከዚያ እህቶቿ። የሚዜዎች ተራ ሲደርስ ውጭ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው። ፀጉር ሰሪዋ እጇ ዝሏል፣ አንቺን ጠቅለል ጠቅለል አድርጋ ትሸኝሻለች። በድሬ ሙቀት ያ ጥቅል ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትሽም።

ለዚህ ነው ብዙ ሚዜ ቤቷ ለመሥራት የምትወስነው። ግን ቤት የሚሠራውም ሲበላሽ እናያለን፣ ምክንያቱም ሁሌ አንድ ነው፦ ሥራው በሙሉ ጠዋት ላይ ይከመራል። ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ ፒያስትራው (በጋለ ብረት መዘርጋቱ)፣ መጠቅለሉ፣ ሁሉም ከንጋቱ 12 ሰዓት በኋላ። ፀጉሩ ከሥሩ ገና አልደረቀም፣ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፣ መብራትም በዚያው ሰዓት ይሄዳል። እዚህ የምነግርሽ አሠራር አንድ ሕግ ብቻ አለው። ውኃና እሳት የሚነካው ሥራ ሁሉ በዋዜማው ያልቃል። ጠዋት የሚቀርሽ ማሰርና መሰካት ነው።

የምንሠራው ፊቱ በጄል የተኛ፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ የተጠቀለለ ፀጉር ነው። ለተፈጥሮ ፀጉርም ለሪላክሰርም (በኬሚካል ለተዘረጋ ፀጉር) ይሆናል። ትከሻ ላይ የተበተነ ካልሆነ አያምረኝም የምትይ በጥር ሞክሪው፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት ግን፣ አቦ፣ ተይው።

ፀጉሩ ለምን ከሰዓት በኋላ ይነሳል?

በካስክም (ራስ ላይ በሚደፋው ማድረቂያ) በፒያስትራም የተዘረጋ ፀጉር ቅርጹን የሚይዘው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ሙቀቱ በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ደካማ ትስስር ፈቶ በአዲስ ቅርጽ ያስረዋል። ውኃ ሲያገኘው ያው ትስስር ይፈታና ፀጉሩ ወደ ራሱ ይመለሳል። ላብም ውኃ ነው። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን ብርቅ አይደለም፣ ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ የሰውና የወጥ ድስቱ ሙቀት ይጨመርበታል። ላቡን ማስቀረት አትችይም። የምትችይው ላቡ ደርሶ የሚፈታው ነገር እንዳያገኝ ማድረግ ነው።

1. ሁለት ሳምንት ሲቀረው፦ ወስኚ፣ ሞክሪ

መጀመሪያ ሙሽራዋን ጠይቂ። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ትፈልጋለች ወይስ ለየራሳቸው? ጥቅሉ ለስላሳ ይሁን ወይስ ጉንጉን ያለበት? አበባ ወይም ጌጥ ማን ይገዛል? ይሄ ሁሉ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ አሁኑኑ ይለቅ። በሠርጉ ጠዋት አንዷ ሚዜ በቀኝ፣ ሌላዋ በግራ ከፍላ መጥታ እንደገና መፍታት የተለመደ ጣጣ ነው። ፎቶ ስትላላኩ የኋላውንም ጨምሩ፤ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትስማሙ።

ሪላክሰር ወይም ቀለም የምትቀቢ ከሆነ አሁን ተቀቢ። በሠርጉ ሳምንት አይሆንም። አዲስ ሪላክሰር የነካው የራስ ቆዳ ላይ ላብ ሲወርድ ያቃጥላል፣ ቆዳው ከተቆጣ ደግሞ ጄል ማስነካት አትችይም።

ቅቤም እንደዚያው። እናትሽ “ፀጉርሽ ደርቋል፣ ቅቤ ላድርግልሽ” ካለችሽ እሺ በያት፣ ግን ዛሬ ይሁን። በሠርጉ ሳምንት የተቀባ ቅቤ በደንብ ታጥቦ አይወጣም። ፒያስትራ ሲነካው ይጨሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀልጦ በጆሮሽ ግንድ በኩል ወደ ቀሚሱ ይወርዳል፤ የቅቤ እድፍ ከሳቲን ላይ እንዴት እንደሚለቅ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አሁን ሙከራው። ይህን ደረጃ የምትዘል ሰው ብዙ ናት፣ ሠርግ ላይ የምትቸገረውም እሷው ናት። ከደረጃ 3 እስከ 5 ያለውን እንዳለ ሥሪው። ሠርተሽ ደግሞ መስታወት ፊት አትቁሚ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ወጥተሽ ቀፊራ ገበያ ድረስ በእግርሽ ሂጂ፣ በባጃጅ ተመለሺ፣ ቤት ገብተሽ ዘፈን ከፍተሽ ጨፍሪ። እስክስታውንም ሸጎዬውንም። ከዚያ የእህትሽን ስልክ ተቀብለሽ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሺ። ፎቶው ላይ የምታይው ሦስት ነገር ነው፦ ጥቅሉ ወርዷል ወይ? ከማጅራት ላይ ያመለጠ ፀጉር አለ ወይ? ግንባር ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል ወይ? ያየሽውን ጻፊው፣ ያለዚያ ይረሳል።

2. ዕቃውን ቀድመሽ ሰብስቢ

አብዛኛውን ታይዋን ገበያ ታገኚዋለሽ። ይሄን ያህል ያዢ፦

- ጥቁር የፀጉር ፒን 40 ገደማ። ጥቅሉ ላይ የሚገባው ግማሹ ነው፣ የቀረው ይጠፋል፣ ይታጠፋል፣ ሌላዋ ሚዜ ትወስደዋለች።
- በጨርቅ የተሸፈነ ወፍራም ላስቲክ 6። ባዶው ጎማ ፀጉር ይበጥሳል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ራሱ ይበጠሳል።
- ጄል 1፣ የግንባር ፀጉር ማስተኛ 1።
- ሙቀት ከለላ የሚሆን ክሬም ወይም ስፕሬይ። ፒያስትራ ያለ እሱ አይነካ።
- የፀጉር ማጠንከሪያ ስፕሬይ 1፣ ትልቁ።
- ጫፉ ሹል የሆነ ማበጠሪያ፣ ጸጉሩ የበዛ ለስላሳ ብሩሽ፣ አሮጌ ያልሆነ የጥርስ ብሩሽ።
- የሐር ወይም የሳቲን ሻሽ 2። የጥጥ ሻሽ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ፀጉሩንም ያሻክረዋል።
- ፀጉርሽ አጭር ወይም ስስ ከሆነ ዶናት የምንለው ክብ ስፖንጅ፣ ወይም ከፀጉርሽ ቀለም ጋር የሚሄድ ሂውማን ሄር (ተጨማሪ ፀጉር)።
- ከኋላ ማያ ሁለተኛ መስታወት።

ስትገዢ ጄሉን ክፈቺና አሽትቺው። ፀሐይ ላይ የከረመ ጄል ውኃው ለብቻው ይንሳፈፋል፣ ሽታውም ይለወጣል። ጊዜው ያለፈበትን በቅናሽ ሲሰጡሽ እንዳትሸወጂ።

አሁን አንድ ትንሽ ፍተሻ አድርጊ፣ ብዙ ሰው የማያውቃት ናት። ፀጉርሽ ላይ የምታደርጊውን ክሬም ከጄሉ ጋር በእጅሽ ጀርባ ላይ ጠብ ጠብ አድርገሽ በጣትሽ አሺው። ተዋህዶ ግልጽ ሆኖ ከቀረ አብረው ይሄዳሉ። እንደ ተቋጠረ ወተት ነጭ ነጭ ፍርፋሪ ከሠራ ግን አይስማሙም፤ ሲደርቅ ግንባርሽ ላይ ፎረፎር መስሎ ይራገፋል፣ ካሜራ ፊት ደግሞ ሁለት እጥፍ ይታያል። አንዱን ቀይሪ።

የሱቅ ጄል ቆዳሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ ተልባ ቀቅይ። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውኃ፣ እያማሰልሽ፣ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪሳብ ድረስ። ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጥልይው፤ ከቀዘቀዘ አልወርድ ይላል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። በድሬ ሙቀት ውጭ ያደረ የተልባ ጄል ጠዋት ይሸታል።

3. ሁለት ቀን ሲቀረው፦ እጠቢ

ሠርጉ እሑድ ከሆነ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ በማለዳ ታጠቢ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አይሁን። በጣም አዲስ የታጠበ ፀጉር ያንሸራትታል፣ ፒን አይዝም።

የድሬ ውኃ ከባድ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂው የለ? እሱው ፀጉርሽ ላይም ይቀመጣል። ሻምፖው አረፋ አልሠራ ይላል፣ ፀጉሩ ታጥቦ እንኳ ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ፦

1. ሁለቴ በሻምፖ እጠቢ። የመጀመሪያው ቅባቱን ያነሳል፣ ሁለተኛው ያጠራል። ጣትሽን እንጂ ጥፍርሽን አትጠቀሚ።
2. ኮንዲሽነሩን ከመሐሉ እስከ ጫፉ ቀቢ። ሥሩ ላይ አታድርሺ። በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ፍቺ።
3. በደንብ አለቅልቂ።
4. አንድ ሊትር የታሸገ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ በመጨረሻ አፍስሺበት፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ራስሽ ላይ ቁስል ወይም መቧጨር ካለ ይሄን ዝለይው።
5. በፎጣ አትሺው። በአሮጌ ቲሸርት ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው።

ውኃ የመጥፋት ዓመል ያለበት ሰፈር ከሆንሽ ሁለት ጄሪካን ቀድመሽ ሙዪ። ሻምፖ አናትሽ ላይ እያለ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ጎረቤት ማንኳኳት ነው።

4. ዋዜማ፦ ትልቁ ሥራ ዛሬ ነው

መጀመሪያ ስለ ሂና። በድሬና በሐረር ዋዜማውን ሙሽራዋ ሂና ስትቀባ ሚዜዎቹም መቀባታቸው አይቀርም። ሂናው እስኪደርቅና እስኪራገፍ ሰዓታት ይፈጃል፣ እጅሽ በዚያ ሁሉ ጊዜ ታሰረ ማለት ነው። ፀጉርሽን ከሂናው በፊት ጨርሺ። “ማታ ስመለስ እሠራዋለሁ” ያለች ልጅ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ነው የምታመሸው።

*ማድረቅ።* ካስክ ካለሽ በትልልቅ ቢጎዲን (የፀጉር መጠቅለያ) ጠቅልለሽ ሥሩ እስኪደርቅ ግቢ። ከሌለሽ ስድስት ወይም ስምንት ጉንጉን ሠርተሽ ፋን ፊት ተቀመጪ፤ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ደረቀ አልደረቀ የሚለውን በጫፉ አትፍረጂ። ጣትሽን ማጅራትሽ አጠገብ ሥሩ ድረስ አስገቢ። ቀዝቀዝ ካለሽ አልደረቀም።

*ፒያስትራ።* ፀጉሩን በአራት ክፈይ፣ ከኋላ ከታች ጀምሪ። ሙቀት ከለላውን ቀቢና እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዚያ ጣት የሚያህል ስስ ክፍል እየያዝሽ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ሳብ አድርጊ። ስስ ፀጉር ወይም ሪላክሰር ከሆነ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ይበቃል። ወፍራም የተፈጥሮ ፀጉር ከ180 እስከ 200። ከዚያ በላይ አትውጪ፤ ያልተስተካከለልሽ ክፍሉ ስለወፈረ ነው እንጂ ሙቀቱ ስላነሰ አይደለም።

> አደራ፦ ፒያስትራው ሲነካው “ጭስስ” የሚል ድምፅ ከሰማሽ ወዲያው አቁሚ። እንፋሎት ነው። ፀጉሩ ውስጥ የቀረው ውኃ እየፈላ ፀጉሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። አድርቂና ተመለሺ።

ፊቱ በጄል ስለሚተኛና ጀርባው ስለሚጠቀለል እንደ መስታወት ማንሸራተት አያስፈልግሽም። መዘርጋቱ ይበቃል። እንዲያውም ትንሽ ሻከር ያለ ፀጉር ፒን ይይዛል።

*መብራት ከጠፋ?* አትደንግጪ፣ ለዚህ ነው በዋዜማው የጀመርሽው። ጠብቂ። እስከ ማታ ካልመጣ ጉንጉኖቹን በየሦስት ጣቱ ስፋት በላስቲክ እያሰርሽ እስከ ጫፍ ውረጂ፣ እንደዚያው ተኚ። ጠዋት ስትፈቺው ለጥቅል የሚበቃ ያህል ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። ከሰል ላይ የሚግል የብረት ማበጠሪያ ይዛ የመጣች አክስት ካለች አመስግነሽ መልሻት፤ ሙቀቱን መለካት አይቻልም፣ ጆሮና ግንባር ያቃጥላል።

*ማደር።* ፀጉሩን በአናትሽ ዙሪያ ጠምጥመሽ በሳቲን ሻሽ እሰሪ። ፋን ሥር ተኚ። በላብ የነቃሽ እንደሆነ ሻሹን አንሥተሽ ሥሩን አናፍሺና በሁለተኛው ደረቅ ሻሽ መልሰሽ እሰሪ። ሁለት ግዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ከመተኛትሽ በፊት ዕቃውን ሁሉ በአንድ ትሪ ላይ ደርድሪ። ፒኖቹን ክፈቺና የታጠፈውን ጣዪ።

5. ጠዋት፦ ማሰርና መሰካት

አንድ ሰዓት ተኩል ያዢለት። ሙሽራዋ ቤት 2 ሰዓት ላይ መገኘት ካለብሽ 12 ሰዓት ላይ ቁጭ በይ። ተክሊል ከሆነ ሌሊት መነሣት ነው፣ ምርጫ የለሽም።

5.1 ሰውነትሽን ታጠቢ፣ ራስሽን ግን ሸፍኚ። ላስቲክ ቆብ አድርጊ፣ ውኃውን ለብ ያለ አድርጊው። ስትወጪ የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ውስጥ አትቆዪ።

5.2 ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ልበሺ። ይሄን የምትረሳ ሰው ታስቃለች። ቲሸርት ለብሳ ፀጉሯን ትጨርስና ቲሸርቱን ማውለቅ ሲያቅታት በመቀስ ይቀደዳል። ቀሚስሽም በራስ የሚጠለቅ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ልበሺ፣ ትከሻሽ ላይ ፎጣ ጣል አድርጊ።

5.3 ፋን ፊት አምስት ደቂቃ ተቀመጪ። የራስ ቆዳሽ ይቀዝቅዝ። ግንባርሽንና ማጅራትሽን በሶፍት አድርቂ። ጄል ላብ ላይ አይጣበቅም።

5.4 ክፈዪ። ከሁለቱ ጆሮዎችሽ በላይ አናትሽን አቋርጠሽ ፊቱን ከኋላው ለዪ። የፊቱን በክሊፕ አንሥተሽ አስቀምጪው።

5.5 የኋላውን እሰሪ። ቦታው ላይ ልብ በይ። ማጅራት ላይ አታድርጊው፤ እዚያ ላብ ይሰበሰባል፣ ቀሚሱም ይገፋዋል። ከማጅራት ፀጉር መስመር ሁለት ጣት ከፍ አድርጊ። አገጭሽን ትንሽ ቀና አድርገሽ እሰሪ። አቀርቅረሽ ካሰርሽ ቀና ስትይ ከሥር ይላላል፣ ማጅራት ላይ የሚንጠለጠለው ፀጉር የሚመጣውም ከዚህ ነው። አንድ ላስቲክ እሰሪ፣ በላዩ ሁለተኛ ድገሚ። ከዚያ ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺ። ግንባርሽ አልነሣ ካለ ወይም የዓይንሽ ጥግ ከተሳበ በጣም አጥብቀሻል። አሁን ካላላላሽው ኬክ ሳይቆረስ ራስ ምታት ይጀምርሻል።

5.6 ፊቱን አስተኚ። የስንዴ ፍሬ የሚያህል ጄል በመዳፍሽ አሙቂና በስሱ ቀቢ። ጥቂት፣ ከዚያ ጨምሪ። ብዙ ጄል ቶሎ አይደርቅም፣ ያልደረቀ ጄል ደግሞ ላብ ሲነካው በግንባርሽ ይወርዳል። በብሩሹ ወደ ኋላ አበጥሪና ከታሰረው ጋር በሦስተኛው ላስቲክ አያይዢው። የግንባር ዳር ያሉትን ትንንሽ ፀጉሮች በጥርስ ብሩሽ አስተኚ። አሁን ሳቲኑን ሻሽ ግንባርሽ ላይ ጠበቅ አድርገሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እሰሪ። ሜካፑ በዚህ መሐል ይሠራ፣ ወይም ቁርስ ብዪ። ሻሹን ስትፈቺ ከፊት ወደ ኋላ አንከባልለሽ አውጪው፤ ወደ ላይ ከጎተትሽው የተኛው ይነሣል።

5.7 ጠቅልዪ። ፀጉርሽ ረጅም ከሆነ ጠምዝዘሽ በላስቲኩ ዙሪያ አዙሪ። ከዚያ ጫፉን ከሥር ደብቂ። አጭር ከሆነ ዶናቱን አስገቢ፣ ፀጉሩን በላዩ እንደ ጃንጥላ በትኚ፣ በላስቲክ ያዢው፣ የተረፈውን ጫፍ ዙሪያውን ጠምጥሚ። ሂውማን ሄር የምትጠቀሚ ከሆነ መጀመሪያ የራስሽን ትንሽ አድርገሽ ጠቅልዪ፣ ከዚያ እሱን በላዩ አዙሪና የተሰፋበትን ክር ከሥር ሰውሪው።

5.8 ፒኑን በትክክል ስኪ። ጥቅል የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ፒን አንሶት አይደለም፣ አሰካኩ ነው። ፒን ሁለት እግር አለው፦ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የሚጠማዘዝ። የሚጠማዘዘው ወደ ቆዳሽ ይዙር። መጀመሪያ የጥቅሉን ጠርዝ ያዢ፣ ከዚያ ፒኑን ወደ ውጭ ትንሽ ገፍተሽ ከቆዳሽ አጠገብ ያለውን የተኛ ፀጉር ጨምሪ፣ አሁን አቅጣጫውን ገልብጠሽ ወደ ጥቅሉ መሐል ግፊው። ጥቅሉን ብቻ የያዘ ፒን ከጥቅሉ ጋር አብሮ ይወርዳል። ሁለት ሁለቱን እያጠላለፍሽ እንደ መስቀል ስኪ። መጀመሪያ ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ቀጥሎ ክፍተቶቹን። ፀጉርሽ የሚያንሸራትት ከሆነ ፒኖቹን በሶፍት ላይ ዘርግተሽ ስፕሬይ ንፊባቸው፣ ሲደርቁ ይይዛሉ። አንድ ፒን የሚወጋሽ ከሆነ አሁኑኑ አውጪው። “እለምደዋለሁ” አይሠራም።

5.9 ስፕሬይ። ከአንድ ክንድ ያህል ርቀት፣ በስሱ፣ ሁለት ዙር። ዓይንሽን ጨፍኚ።

> አደራ፦ ስፕሬይ በእሳት ይያያዛል። የሠርግ ጠዋት ቤት ውስጥ ደግሞ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ከሰል ላይ ነው። ከከሰሉ ርቀሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ንፊ። ፀጉርሽ ሳይደርቅ ረከቦት አጠገብ ጎንበስ አትበዪ።

5.10 ጌጡን አድርጊ፣ ከዚያ ራስሽን ነቅንቂ። እውነተኛ አበባ በድሬ ፀሐይ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ሰው ሠራሹን ያዢ። ጌጡን በሁለት ፒን ከጥቅሉ ጎን ስኪው። አሁን ተነሥተሽ ትከሻሽን ነቅንቂ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በዪ፣ ሦስት ጊዜ ዝለዪ። የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ በዚያው በኩል ፒን ጨምሪ። ካልተንቀሳቀሰ በቃ። እጅሽን አንሺ።

ሂጃብ የምታደርጊ ከሆነ ጥቅሉን ከላይ ካልኩት ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ጄሉን ቀንሺ፣ ጌጡን ተይው። የውስጥ ቆቡን ከማድረግሽ በፊት ፊቱ ሙሉ በሙሉ መድረቁን በጣትሽ እዪ፤ እርጥብ ጄል ቆቡ ላይ ይጣበቅና የሴቶቹ ጨዋታ ላይ ስትገልጪው ተነሥቶ ታገኚዋለሽ። ትንሿ ብሩሽ ቦርሳሽ ውስጥ ትኑር።

ሹሩባ ላይ ያለሽ እድለኛ ነሽ። በሳምንቱ መጀመሪያ ተሠሪው፣ ጠዋት ከ5.7 ጀምሪ። ሹሩባ ከባድ ስለሆነ ግን የፒኑን ቁጥር እጥፍ አድርጊ።

6. ቦርሳሽ ውስጥ

ፒን 10፣ ላስቲክ 2፣ ትንሽ ብሩሽ፣ ጄል በትንሽ ዕቃ፣ ሶፍት፣ ማራገቢያ፣ የራስ ምታት ክኒን። ትልቁን ስፕሬይ መኪና ውስጥ አትተዪው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል።

7. ቢበላሽስ?

*ግንባር ላይ ፀጉር ከተነሣ።* ጄል አትጨምሪ። መጀመሪያ ላቡን በሶፍት ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂ፣ አትጥረጊ። ከዚያ ብሩሹ ላይ ትንሽ ስፕሬይ ነፍተሽ አስተኚው።

*ነጭ ፍርፋሪ ከወጣ።* ጣትሽን በውኃ ነክረሽ፣ አራግፈሽ፣ ፍርፋሪው ላይ ብቻ ቀስ ብለሽ ጫኚ። አትፈግፍጊው፣ ይበዛል።

*ጥቅሉ መውረድ ከጀመረ።* ሁሉንም አትፍቺ። አንዷን ሚዜ ጥቅሉን ከሥር በመዳፏ ደግፋ እንድታነሣልሽ አድርጊ፣ አንቺ ከሥር በኩል አራት ፒን አጠላልፈሽ ስኪ።

*ላስቲኩ ከተበጠሰ።* ይሄኛው መፍታት ይፈልጋል። መጸዳጃ ቤት ግቢ፣ ፒኖቹን ነቅለሽ ለጓደኛሽ አስይዢ፣ አዲሱን ላስቲክ እሰሪና ጫፉን ጠምዝዘሽ መልሰሽ ስኪ። አሥር ደቂቃ ነው። ሰው “የት ገባች” ይላል፣ ይበል።

*ሽቶ።* ሙሽራው ሲመጣ በር ላይ ግፊያው እንዳለ ሆኖ ወንዶቹ ሚዜዎች ሽቶ እየረጩ ነው የሚገቡት። ሽቶ ውስጥ ያለው አልኮል የደረቀውን ስፕሬይ ያሟሟዋል፣ ፀጉሩም ይጣበቃል፣ ይለሰልሳል። በር የምትይዢው አንቺ ከሆንሽ ጠርሙሱ ሲነሣ ፊትሽን ዘወር አድርጊ። ከነካሽ አትንኪው። ራሱ ይደርቃል።

*አረፋ ስፕሬይ ከነፉብሽ።* ኬክ ሲቆረስ የሚነፉት ልጆች አሉ። ተቆጪ፣ ከዚያ በደረቅ ሶፍት ከላዩ አንሺው። ውኃ አታስነኪው።

*ዝናብ።* ነጠላሽን አልብሺውና ሩጪ፣ ምን ይደረጋል።

8. ሠርጉ ወደ ሐረር ከወጣ

መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የአየሩ ለውጥ ብዙ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ሁሉም መስኮት ይከፍታል፣ ፀጉር የሚያልቀውም እዚያ ነው። አንቺ ከመስኮት ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ወይም ሻሽሽን ግንባርሽ ላይ አስረሽ ሂጂ። ወንበሩ ላይ ጭንቅላትሽን አታስደግፊ፣ ጥቅሉ ይጨፈለቃል። ፎጣ ጠቅልለሽ ከአንገትሽ ሥር አድርጊ፣ ጥቅሉ ከፎጣው በላይ በአየር ላይ ይቅር። ጌጡን የምታደርጊው ሐረር ደርሰሽ ነው።

መመለሻው ከባድ ነው። ማታ ወደ ድሬ ስትወርጂ ሙቀቱ እንደገና ይመጣል፤ ፎቶ ስለሌለ ግን ግድ የለም።

9. ማታ ስትፈቺው

ደክሞሻል፣ አውቃለሁ። ግን ከነጥቅሉ አትተኚ። መልሱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከሆነ ያንኑ ፀጉር መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ፣ ስለዚህ ዛሬ አታጥቢው።

ፒኖቹን በገቡበት አቅጣጫ አንድ በአንድ አውጪ። ቁጠሪያቸው፤ ትራስ ላይ የሚገኘው ያልተቆጠረው ነው። ላስቲኩ ከጄሉ ጋር ተጣብቆ አልወጣ ካለ አትጎትቺ። ትንሽ የፀጉር ዘይት ላስቲኩ ላይ ጠብ አድርጊ፣ ደቂቃ ጠብቂ፣ ካልሆነ በትንሽ መቀስ ላስቲኩን ቁረጪው። ግንባርሽ ላይ የደረቀውን ጄል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ በደረቅ ማበጠሪያ እንዳትነኪው፣ ዳሩን ይነቅለዋል። የራስ ቆዳሽን በጣትሽ ጫፍ እሺው፣ ፋን ፊት አድርቂው፣ ፀጉሩን ጠምጥመሽ በሻሽ እሰሪ።

ለመልሱ ከ5.3 ትጀምሪያለሽ። ለሀበሻ ቀሚስ ጥቅሉ ላይ አንድ ጉንጉን ብታዞሪበት ሌላ ፀጉር ይመስላል፣ ሁለት ፒን ይበቃዋል።